ሃምሳ ሎሚ

ጌንት ላይ ዝናቡ ቅዳሜን አያውቅም፤
ቦዩን ሲደበድብ ውሎ አይደክምም።
ድሮ ጥጥ ይፈተል፣ ይሸመን በነበረበት ቤት
ሃያ ሰው ሆነናል፣ ሃያ ላፕቶፕ ከፍተን፤
ደሞዝ የለ፣ አለቃ የለ፣
የሁሉም የሆነ፣ የማንም ያልሆነ ፕሮግራም መሀል ላይ ጎልተን
እንጨቃጨቃለን።

ነገሩ አንድ ገጽ ነው፤ የማስተካከያው ገጽ፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ነገር ይስተካከልበታል።
ከየት አወቅሽ አትበሉኝ፤
አንድ በአንድ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤
«የመስኮት ጥላ ድብዛዜ» የምትል አንዲት ሐረግ
ሁለት ሌሊት በልታብኛለች።

ሊስቤት ተነሣች እጅጌዋን ሰብስባ፦
«አርባ በር ያለው ቤት እንግዳ ያስጨንቃል፤
ለሰው ልጅ አንድ በር፣ ሰፊ ከሆነ፣ ይበቃል።
ነጻነት የምትሉት ለእናቴ ጫካ ነው፤
ሰዓቱን ላሳድግ ብላ ገብታ
ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ሆኖባት ወጣች።
ሦስት መቶውን እንቁረጥ፤ ማንም አይነካው።»

ዮሪስ ጠረጴዛ መታ፤ ጺሙ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ፦
«ጫማ በእግር ልክ እንጂ መቼ እግር በጫማ!
አንቺ ግን ሰፍተሽ ጨርሰሽ
እግራችንን ልትሞርጂ ተነሣሽ።
የኔ ሰዓት በግራ ነው፣ የኔ መስኮት ጠርዝ የለውም፤
ይህን ከከለከልሽኝማ
የነጋዴውን ገዝቼ እገባለሁ፤
እሱ እንኳ ሲያዘኝ ደረሰኝ ይሰጠኛል!»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

በአማርኛ ምርጫ ሁለት ነው።
ገጹን «ምርጫዎች» ብዬ የሰየምኩት ጊዜ
አንድ የደሴ መምህር «ኮሮጆው የታል?» ብሎ ጻፈልኝ።
ይኸው ኮሮጆው መጣ፦
በሁለት ጠቅታ መሀል ያለችው የጊዜ ልክ፣
ከሺህ ሰው ሦስቱ ብቻ የሚነኳት፣
ትሰረዝ ያለ አሥራ አንድ፣ ትቆይ ያለ ስምንት።
እኔ እጄን አላወጣሁም።
አንድ ቃል ይቀልልኛል ብዬ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

በሩ አጠገብ ኦሜር ነበር፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤
በዚሁ አዳራሽ፣ በዚያ መስኮት ሥር፣
ሠላሳ ዓመት የሽመና መኪና ያሠራ፤
ሊሞክርልን ጠርተን፣ ወንበር ሰጥተን የረሳነው።
ማውሱን ያዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል።
ጠቅ፤
ቆየ፤
ጠቅ።
የፎቶው ማኅደር አልከፈትም አለው።
አምስቴ። ስድስቴ። ማንም አልተነፈሰም።

«ይኸው!» አለ ዮሪስ፣ «ያቺ ቁልፍ ለዚህ ናት!»
«ይኸው!» አለች ሊስቤት፣ «ከሰባት ገጽ በታች ቀብረናት
ይህ ሰው በምን ዓይኑ ያገኛት?»
ሁለቱም ልክ ነበሩ፤
ልክ መሆናቸው ግን ለኦሜር ማኅደሩን አልከፈተለትም።

«ከመኪናዬ ሃምሳ ብሎን» አለ ሽማግሌው ረጋ ብሎ፣
«የምነካው ሁለቱን ነበር፤ ከጉልበቴ አጠገብ ያሉትን።»
«የትኞቹን ሁለት?» አለች ሊስቤት፣ እስክሪብቶ አንሥታ።
«የኔን ሁለት ነዋ። የማታው ተረኛ ሌሎች ሁለት ነበሩት፤
በየጠዋቱ ስንሰዳደብ ጡረታ ወጣን።»

ሃምሳ ሎሚ፣ አልኳቸው፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ።
በፍላማንኛ ሳወጣው ሎሚ ብቻ ሆነ፤
«ሎሚውን እዚህ ምን ጥልቅ አደረገው?» አለ ዮሪስ።
እውነቱን ነው።

ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።
ትራም ውስጥ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣
ያቺን ሐረግ ፈልጌ አወጣኋት፤
«በሁለት ጠቅታ መሀል ያለ የጊዜ ልክ» ይላል፣
የኔው እጅ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት።
ማን ይህን አንብቦ ስለ እጁ ነው ብሎ ያስባል?
አጠፋሁት።
«እጄ ይዘገያል፤ ጠብቁኝ» ብዬ ጻፍኩ።
ቀና ስል ፌርማታዬ አልፎኛል።